ከአዲሰን እስከ ጋድስደን፦ በረጅሙ የመንገድ ዳር ገበያ የአሮጌ ጊታር ፍለጋ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ካላማዙ፣ ሚሺጋን

ትናንት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን፣ የፔንስልቬንያንና የኦሃዮን የክፍያ መንገዶች ቀኑን ሙሉ ስንነዳ ውለን፣ ቶሊዶ አጠገብ አድረን ዛሬ ረፋድ ላይ ካላማዙ ገባን። አብረውኝ የሚጓዙት በዋሽንግተን ከተማ 30 ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ የሰፈራችን አባት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ስለምንላቸው በዚህ ማስታወሻም እንዲሁ እጠራቸዋለሁ። ስለ ጊታር ያላቸው ዕውቀት ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ረጅም መንገድ ይወዳሉ፣ ሰው አክብረው ያነጋግራሉ፣ ለዚህ ጉዞ ደግሞ ከሁለቱ የበለጠ የሚያስፈልግ ነገር የለም።

የመጣንበት ጉዳይ በየዓመቱ በኦገስት የመጀመሪያው ሐሙስ ተጀምሮ እሑድ የሚያበቃው የሀይዌይ 127 ያርድ ሴል፣ ማለትም ሰው የቤቱን አሮጌ ዕቃ በየደጃፉ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ገበያው ከሚሺጋኗ አዲሰን ተነሥቶ በኦሃዮ፣ በኬንታኪ፣ በቴነሲና በጆርጂያ አልፎ እስከ አላባማዋ ጋድስደን 690 ማይል፣ በእኛ ልክ 1,110 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቴነሲ ፌንትረስ ካውንቲ ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በኢንተርስቴት አውራ ጎዳና የሚከንፈው መንገደኛ ወደ አሮጌው መንገድ ጎራ ብሎ በዳር የቀሩትን ትናንሽ ከተሞች እንዲያይ ነው። ዛሬ ገበሬው በማሳው፣ ባልቴቷ በደጃፏ፣ ነጋዴው በድንኳኑ የየቤቱን ዕቃ ያወጣል። እኔ ከዚያ ሁሉ ዕቃ መሐል የምፈልገው አሮጌ ጊታር ብቻ ነው፤ ማታ ማታ በቤቴ ቤዝመንት ጊታር ስጠግን 12 ዓመት ሆኖኛልና። የጊታሮቹን ዕድሜ በዚህ ማስታወሻ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

ካላማዙ ከገበያው መንገድ ወደ ምዕራብ የወጣች ከተማ ብትሆንም ሳላያት ለማለፍ አልፈለግሁም። ጊብሰን ኩባንያ በ1902 የተቋቋመው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ በፓርሰንስ ጎዳና ላይ ያለውን የጡብ ፋብሪካ በ1917 ሠርቶ እስከ 1984 ድረስ ጊታር አምርቶበታል። ኩባንያው ወደ ናሽቪል ሲጠቃለል ከተማቸውን መልቀቅ ያልፈለጉ ሠራተኞች በ1985 ሄሪቴጅ የተባለውን የጊታር ፋብሪካ በዚያው ሕንፃ ውስጥ አቋቋሙ። ከአጥሩ ውጭ ቆመን ረጅሙን የጭስ ማውጫ ስንመለከት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ ጊታሮቹን በአብዛኛው የሠሩት ሴቶች እንደነበሩ ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ቆሙ። በ1930ዎቹ የኑሮ ውድቀት ዘመን ደግሞ ይኸው ፋብሪካ የጊብሰንን ስም ሳያወጣ ለድሃው ገበያ በርካሽ የሚሸጥ ጊታር ይሠራ ነበር፤ በራሱ ላይ የሚጻፈው «ካላማዙ» የሚለው የከተማዋ ስም ነው። በርካሽ ይሸጥ እንጂ እንጨቱን የመረጠውና ያጣበቀው እጅ ያው ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ ከአዲሰን እስከ ሴላይና፣ ኦሃዮ

ዛሬ ፍልሰታ ገባ። ጋሼ ከመኪናው ሳይወርዱ ውዳሴ ማርያም ደግመው ሲጨርሱ ፀሐይ ወጣች፤ እኛም አዲሰን ደረስን። ቆሎና በሶ ይዘናል፤ እስከ 9 ሰዓት እንጾማለን፣ ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር ጥላ ፈልገን እንበላለን።

የሥራ ቦርሳዬ ትንሽ ናት። በውስጧ ረጅም እጀታ ያለው የጥርስ ሐኪም መስታወት፣ የእጅ ባትሪ፣ በሚሊሜትር የተከፈለ የብረት ማስመሪያ፣ የአልትራቫዮሌት መብራት፣ መቃኛና በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ይዣለሁ። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ጥያቄ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጊታር ባይኖርም ሻጩን ሁሉ «ቤት ውስጥ የቆየ ጊታር ይኖር ይሆን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጠረጴዛ ላይ የወጣውን ከእኔ በፊት ብዙ ሰው አይቶታል፤ አልጋ ሥር ያለውን ግን ባለቤቱም ረስቶታል።

እስከ እኩለ ቀን ያየነው የሕፃናት ብስክሌት፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የዛገ መጋዝና የልብስ ክምር ብቻ ነበር። ብራያን ከተማ አጠገብ አንድ አባት ከፒክአፕ መኪናቸው ኋላ የጊብሰን ሌስ ፖል ብለው 800 ዶላር የጠሩለትን ጊታር አሳዩኝ። ቀለሙ ያምራል፣ ስሙም በራሱ ላይ በወርቃማ ፊደል ተጽፏል። ከራሱ በታች፣ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት ጫፍ የምትሸፍነዋን ትንሽ ፕላስቲክ ስመለከት ግን በሦስት ብሎን ታስራለች፤ ጊብሰን የሚያስራት በሁለት ነው። ፈቃድ ጠይቄ ስከፍታት ከሥሯ ያለው በአለን ቁልፍ የሚዞር ነት ሆኖ አገኘሁት፤ ጊብሰን ባለ ስድስት ማዕዘን የናስ ነት ነው የሚጠቀመው። ሰውዬው ለልጃቸው ልደት በውድ ዋጋ የገዙት መሆኑን ሲነግሩኝ ምላሴ ከበደኝ። ሆኖም ለሌላ ሰው በስሙ ሸጠው ቢያፍሩ የባሰ ነውና ሁለቱን ምልክቶች እያሳየሁ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። አመስግነውኝ የዋጋውን ወረቀት አነሡ።

ሴላይና ስንደርስ የ1960ዎቹ ሃርመኒ ሮኬት አገኘን። ሃርመኒ የቺካጎ ፋብሪካ ነበር፤ ሲርስ በተባለው የካታሎግ መደብር በኩል በየገጠሩ ጊታር ያስገባ፣ በ1975 የተዘጋ ድርጅት ነው። የዚህን ጊታር ድምፅ የሚሰጡት ወርቃማ ፎይል ያለባቸው፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ፒክአፖች የተሠሩት ደግሞ እዚሁ ኦሃዮ፣ ቶሊዶ ውስጥ ነው። መስታወቱን በድምፅ ቀዳዳው አስገብቼ ባትሪ ሳበራ የፋብሪካው የቀለም ማኅተም «64» የሚል ቁጥር ይዞ ታየኝ። የፖታንሽሜትሮቹን፣ ማለትም የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን ጀርባም አነበብኩ። በዚያ ላይ የሚታተሙት ቁጥሮች እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ናቸው፦ 137 ብሎ የሚጀምር ከሆነ የሠራው ሲቲኤስ የተባለው ፋብሪካ ነው፣ የሚቀጥሉት ቁጥሮች ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን ይናገራሉ። ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ይስማማል። ሻጩ ግን ዋጋውን በስልኩ አጣርቶ 600 ዶላር ጠርቷል፤ ተገቢ ዋጋ ነው፣ ለእኔ ግን ጥገናውንና ድካሜን የሚችል አይደለም። መልካም ገበያ ተመኝቼለት አለፍኩ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2 ቀን፣ ሊበርቲ፣ ኬንታኪ

ከሲንሲናቲ የኦሃዮን ወንዝ ተሻግረን ኮቪንግተን ስንገባ መልክዓ ምድሩ ተለወጠ። ጠፍጣፋው የበቆሎ ማሳ አልቆ መንገዱ በኮረብታዎች መሐል ይጠማዘዝ ጀመር፤ ድንኳኖቹም ተቀራረቡ። ፍራንክፈርት፣ ሐሮድስበርግና ዳንቪልን በዝግታ አልፈን ወደ ማታ ሊበርቲ ደረስን።

መንገድ ላይ አንድ ቀይ ጊብሰን አይቼ ሳልገዛው የቀረሁበትን ምክንያት ለጋሼ ያስረዳሁት የራሴን ስሕተት በመንገር ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ገና ለሥራው እንግዳ ሳለሁ፣ በአንድ የገጠር ጨረታ የ1960ዎቹ ጊብሰን በ900 ዶላር ገዛሁ። ስሙን አነበብኩ እንጂ አንገቱን አላነበብኩም። የጊብሰን ራስ ከአንገቱ ወደ ኋላ በጣም ያዘነብላል፤ እንጨቱም ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል በዚያ መታጠፊያ ላይ ጭረቱ አጭር ይሆንና ጊታሩ ወደ ኋላ አንዴ ከወደቀ ይሰበራል። የእኔም ተሰብሮ በሙጫ ተያይዞ፣ በላዩ አዲስ ቀለም ተረጭቶበት ነበር። ክሮቹን በሙሉ ድምፁ ከቃኘሁት በኋላ ሌሊት፣ በተኛሁበት፣ እንደ ጥይት ጮኾ ተለያየ። የተሰበረ ራስ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጠገን የጊታሩን ዋጋ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። አልትራቫዮሌት መብራቱን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው። ናይትሮ ላከር የተባለው የድሮ ጊታር ቅብ በዚህ ብርሃን ሲታይ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ በኋላ የተቀባው ግን ጥቁር ሆኖ ስለሚቀር የተደበቀው ቦታ እንደ ጥላ ይወጣል። ዛሬ ያየሁት ቀይ ጊብሰንም ከራሱ በታች እንደዚያ ያለ ጥላ ነበረው።

ከሊበርቲ ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ በግቢያቸው ጥላ ሥር የእርሻ መሣሪያ ይሸጡ ነበር። የተለመደውን ጥያቄዬን ስጠይቃቸው ጥቂት አስበው ወደ ቤት ገቡና ግራጫ ሳጥን ይዘው ወጡ። ሳጥኑን ገና ሳይከፈት ዐወቅሁት፤ በክዳኑ ላይ የድምፅ ማጉያ ወንፊት አለው። ከ1962 ጀምሮ ሲርስ በካታሎግ የሸጠው፣ አምፑ በሳጥኑ ውስጥ የተሠራለት ሲልቨርቶን 1448 ነበር። የነደፈው ዳንኤሌክትሮን በኒው ጀርሲ ያቋቋመው ናታን ዳንኤል ሲሆን፣ ገላውን የሠራው ከውድ እንጨት ሳይሆን በእንጨት ክፈፍ ላይ ከተለጠፈ ሜሶናይት፣ ማለትም ከተጨፈለቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ ነው። ፒክአፑንም የከተተው በሊፕስቲክ ማሸጊያ ቱቦ ውስጥ ነው። ይህ ለርካሽነት የተፈጠረ ብልሃት የሌላ ጊታር ያልሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ስለሚሰጥ ዛሬ ሙዚቀኞች ይፈልጉታል።

ሽማግሌው የኤሌክትሪክ ገመድ ዘርግተው «ሰካውና ሞክረው» አሉኝ፤ እኔ ግን አልሰካሁትም። ለዓመታት ያልተነካ፣ በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ የድሮ አምፕ ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎቹ፣ ደርቀው ይሆናል፣ መሰኪያውም የመሬት መስመር የለውም፤ ሳይመረመር ቢሰካ ወይ ይቃጠላል ወይ ሰው ይጎዳል። በራሴ ትንሽ አምፕ ሳሰማው ፒክአፑ ሕያው ነው። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ፍሬቶቹም፣ በአንገቱ ላይ አግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ብዙም አልተበሉም። ዋጋውን ስጠይቅ «ስድሳ ዶላር» አሉኝ። ጤናማ ከሆነ ከነሳጥኑ 500 ዶላር ያህል እንደሚያወጣ ዐውቃለሁ። ስድሳውን ቆጥሬ ሰጠኋቸውና ጨበጥኳቸው።

ጋሼ መኪናው እስኪነሣ ዝም አሉ። ከዚያ «ስንት ያወጣል?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «ዋጋውን የጠሩት እሳቸው ናቸው፣ ጋሼ፤ እኔ አላስገደድኳቸውም» ብዬ ቀጠልኩ። እሳቸውም መንገዱን እያዩ «ልጄ፣ ሰውዬው የሸጡልህ ስድሳ ዶላር የሚያወጣ ጊታር ነው፤ አንተ የገዛኸው ግን ሌላ ጊታር ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ትናንት ብራያን ላይ ለማላውቀው ሰው እውነቱን የተናገርኩት እውነቱ እኔን ምንም ስላላስከፈለኝ እንደሆነ በሞቴሉ አልጋ ላይ ተጋድሜ ሳስብ አደርኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን፣ ጄምስታውን፣ ቴነሲ

ከሊበርቲ ወደ ራስል ስፕሪንግስ ስንወርድ የሰዓት ክልል ስለሚለወጥ አንድ ሰዓት ተጨመረልን። መንገዱ በዎልፍ ክሪክ ግድብ አናት ላይ ያልፋል፤ በአንድ በኩል የከምበርላንድ ሐይቅ እንደ መስታወት ተኝቷል፣ በሌላ በኩል ወንዙ ከሥር ይወጣል። ስታቲክ በምትባለው መንደር ወደ ቴነሲ ተሻገርን። እዚህ ገበያው የተጀመረበት አገር ስለሆነ መኪና እንደ ሰው ነው የሚራመደው፤ 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰዓት ፈጀብን።

ሙቀቱ በርትቶ ነበር። ጊታሩን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሳይሆን ቅዝቃዜው በሚደርስበት የኋላ ወንበር ላይ ነው ያስተኛሁት። የኦገስት ፀሐይ በመታው የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሙጫ ይለሰልሳል፤ 60 ዓመት የያዘ መጋጠሚያ በአንድ ቀን ይለቃል።

ከጄምስታውን በስተደቡብ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለ ኮረኮንች ላይ፣ አንዲት አሮጊት በረንዳቸው ሥር ሣህንና ብርድ ልብስ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጋሼ ቀድመው ወርደው ሰላምታ ሰጧቸው፤ እሳቸውም ወንበር አስወጡልን። ስለ ጊታር ስጠይቅ «የባለቤቴ አባት በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሲሠራ የገዛው አንድ አለ፤ ማንም አይጫወትበትም፤ አርባ ዶላር ስጠኝና ውሰደው» አሉ። የልጅ ልጃቸው ከጣሪያው ሥር ካለው ክፍል አወረደው። መያዣው በጨርቅ የተሸፈነ ካርቶን ነው፣ ማያያዣው ተበጥሶ በገመድ ታስሯል።

ገመዱን ስፈታ በመጀመሪያ ያየሁት በራሱ ላይ በነጭ የተጻፈውን ስም ነው፦ ካላማዙ።

ጊታሩን በጉልበቴ ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ አነበብኩት። ፊቱ ስፕሩስ፣ ጎኑና ጀርባው ማሆጋኒ ነው፤ ቀለሙ ከመሐሉ ወርቃማ ሆኖ ወደ ጠርዙ እየጠቆረ ይሄዳል፣ በላከሩ ላይም እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ስንጥቆች ሮጠዋል። ገላው ትንሽ ነው፤ ይህ ኬጂ 11 የሚባለው ዓይነት ነው። ወደ ድምፅ ቀዳዳው ጠጋ ብዬ አሸተትኩ፤ የሻጋታ ሳይሆን የደረቅ እንጨት ሽታ አለው። መስታወቱን ሳስገባ የውስጥ ድጋፎቹ እንደ መሰላል ርብራብ አግድም ተደርድረዋል፤ በውዶቹ ጊብሰኖች ላይ ግን እንደ ኤክስ ይተላለፋሉ። በአንገቱ ሥር ባለው ጉማጅ እንጨት ላይ የፋብሪካው የሥራ ቁጥር በቀለም ታትሟል፣ ከቁጥሩም ጋር «ሲ» የምትባለዋ ፊደል አለች። በዚያ ዘመን ፋብሪካው ዓመታቱን በፊደል ይለያቸው ነበር፤ ሲ ማለት 1937 ነው።

ሕመሙም ብዙ ነው። ብሪጁ፣ ክሮቹ በገላው ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከኋላው ተነሥቶ ወረቀት ያስገባል። ከብሪጁ ጎን 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስንጥቅ ወርዷል። ጀርባውን በጣቴ አጥንት ሳንኳኳው አንድ ቦታ ላይ ተርገበገበ፤ ከድጋፎቹ አንዱ ለቋል ማለት ነው። በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ 5 ሚሊ ሜትር ርቋል፤ ለእጅ የሚመቸው የዚህ ግማሽ ነው። ይህ የሚሆነው ክሮቹ ለ80 ዓመት ሲጎትቱት አንገቱ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ስለሚለወጥ ነው፤ መድኃኒቱም መጋጠሚያውን በእንፋሎት አላቅቆ፣ ጥቂት ፍቆ፣ እንደገና ማጣበቅ ነው። በካላማዙ ጊታሮች አንገት ውስጥ ደግሞ የሚስተካከል ብረት የለም። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በአንገቱ ርዝመት ሳይ ግን እንጨቱ ራሱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል። ይህ ዕድል ነው።

ብሪጁ እንዳይነቀል ክሮቹን ከተለመደው አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ቃኘኋቸውና ማንኛውንም ጊታር የምፈትንበትን ነገር አደረግሁ፤ በትዝታ ቅኝት ከታች እስከ ላይ ወጣሁ። ጊታር የተማርኩት በአዲስ አበባ በአንድ የቀበሌ ኪነት ክፍል ጊታር ላይ ነው፤ ሁለት መቃኛው የተሰበረ፣ ሁለት ክር የጎደለው ስለነበር በቀሩት አራት ክሮች መጫወት የምችለው ትዝታንና ባቲን ብቻ ነበር። አምስቱ የትዝታ ድምፆች በእያንዳንዱ ክር ላይ ሲሄዱ የሚርገበገበውን ፍሬት፣ የሚያፍነውን ቦታ ሁሉ ያጋልጣሉ። ይህ ጊታር በዛገ ክር፣ ከተነሣ ብሪጅ ላይ እንኳ፣ ወዲያው የሚመልስ ደረቅና ቅርብ ድምፅ ሰጠኝ። አሮጊቷ ዕቃ መጠቅለላቸውን አቆሙ። «እንደዚህ ያለ ዜማ በዚህ ጊታር ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

ጋሼ ምንም አላሉም፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። እኔም ጊታሩን በብርድ ልብሱ ላይ አስተኛሁትና «እማማ፣ አርባ ዶላር አይደለም ዋጋው» አልኳቸው። ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ በፊታቸው ጻፍኩ። ተጠግኖ ሲያልቅ እኔ እንዳየሁት ገበያ 1,600 ዶላር ያህል ያወጣል። አንገቱን ለማስተካከል አንድ ባለሙያ 500፣ ብሪጁን፣ ስንጥቁንና ድጋፉን ለመሥራት 250 ዶላር ይጠይቃል። ይህ ሲቀነስ 850 ይቀራል፤ እንደሚሸጥ ዋስትና የለምና ከዚያ 150 ለእኔ ልተው፤ ስለዚህ 700 ዶላር ልስጥዎ፣ ወይም በዚህ ወረቀት ላይ ያለውን ይዘው ለሌላ ሰው ያሳዩት፣ ወይም ለልጅ ልጅዎ ያስቀምጡት አልኳቸው። የልጅ ልጁ ጊታሩን አነሣና ክሮቹን ዳሰሰ፤ ጣቱን ስላመመው መልሶ አስቀመጠው። ከፍታው 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን አያስገርምም።

አሮጊቷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ለልጃቸው ስልክ ደውለው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ እኛም በዚያች ሰዓት ጾማችንን በቆሎና በውኃ ፈታን። ተመልሰው መጡና «ሰባት መቶውን እቀበላለሁ፤ ግን ሲድን ያንን ዜማ ቀድተህ ትልክልኛለህ» አሉ። ቃሌን ሰጠሁ። ስልካቸውን በወረቀቱ ግርጌ ጻፉልኝ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ጋሼ ጊታሩን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙት። «ሰኞ በየት ነው የምንመለሰው?» ብለው ጠየቁኝ፤ በሊበርቲ በኩል ነው አልኳቸው።

እሑድ፣ ነሐሴ 4 ቀን፣ ጋድስደን፣ አላባማ

ጠዋት ቅዳሴውን በስልክ እየሰማን ከክሮስቪል በፓይክቪልና በደንላፕ አድርገን ሲግናል ተራራን ወረድን። ከቻታኑጋ በኋላ መንገዱ ከ127 ተለይቶ በሉካውት ተራራ አናት ላይ በጆርጂያ ጫፍ አልፎ ወደ አላባማ ይገባል። ዕይታው ያማረ ነው፤ ለእኔ ሥራ ግን ቀኑ ባዶ ነበር። ሻጮቹ ድንኳን እየነቀሉ፣ የቀረውን በነፃ እየሰጡ ነበር። ፎርት ፔይን አጠገብ ያገኘሁት አንድ ጊታር ብቻ ነው፤ ለዓመታት ጎተራ ውስጥ ከርሞ ጎኑ ከጀርባው ተላቅቋል። በኖካሉላ ፏፏቴ አጠገብ ገበያው በሚያልቅበት ቦታ መኪናችንን አቆምን።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5 ቀን፣ ሊበርቲ

ሽማግሌው በዚያው ዛፍ ሥር የቀሩትን መሣሪያዎች ወደ ጋጣ እያስገቡ ነበር። ሲያዩኝ አምፑ የተበላሸ መስሏቸው «ገንዘብህን ልመልስ?» አሉኝ። አይደለም ብዬ የጊታሩን ዋጋ ነገርኳቸውና 190 ዶላር ጨምሬ ሰጠኋቸው፤ አምፑን ለማደስ የሚወጣውን ስቀንስ ከዚህ የሚበልጥ ለመስጠት አልቻልኩም፣ ሒሳቡንም አሳየኋቸው። መጀመሪያ «ሽያጭ ሽያጭ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ጋሼ እጃቸውን በትከሻቸው ላይ አድርገው ጥቂት ካነጋገሯቸው በኋላ ተቀበሉ።

ከዚያ ያልጠየቅኳቸውን ነገሩኝ። ጊታሩን በ1963 ከካታሎግ ያዘዘችው እህታቸው ናት፤ የትምባሆ ቅጠል በማሰር ባገኘችው ገንዘብ ነው የገዛችው፤ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ትጫወትበት ነበር። ወደ ቤት ገብተው ቀይና ነጭ የተሸመነ የጊታር ማንገቻ ይዘውልኝ መጡ። የቆዳው ጫፍ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ በጀርባውም በእስክሪብቶ የእህታቸው የስም መጀመሪያ ፊደላት ተጽፈዋል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሲልቨርቶኑን ስከፍተው የፖታንሽሜትሩ ቁጥር 1963ን አሳየ፤ ሽማግሌው የተናገሩት ዓመት ነው። ካፓሲተሮቹን አዝዣለሁ፤ እስኪመጡ አምፑ ሳይሰካ ይቆያል።

ካላማዙው በጠረጴዛዬ ላይ ተኝቷል። አሮጌውን የብሪጅ ሙጫ በሙቅ ቢላ አንሥቼ፣ እንጨቱን አጽድቼ፣ ፋብሪካው ይጠቀምበት እንደነበረው ያለ ከከብት ቆዳ የሚፈላ ሙጫ በሙቅ ውኃ አዘጋጅቼ ቀባሁት። ሙጫው ሳይቀዘቅዝ ብሪጁን ለማሰር የነበረኝ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር፤ ሦስት ማያዣዎች በድምፅ ቀዳዳው ገብተው ጨብጠውታል። እስከ ነገ ማታ አይነካም። አንገቱን የማላቅቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ክር የሚገባበት ደግሞ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ይመስለኛል። ለአሮጊቷ በማያዣ የታሰረውን ጊታር ፎቶ ላክሁላቸው፤ «እጠብቃለሁ» ብለው መለሱልኝ።